መርዝ ከመጣሉ በፊት የሚጠይቅ ሕግ

የፋብሪካ ቆሻሻ ነገር በተነሣ ቍጥር ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚመለከተው ጥቍር ጢስ የሚተፋ የጭስ መውጫ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ወንዝ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የጉዳዩ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያው አይደለም። መጀመሪያው ያለው በፋብሪካው የዕቃ ግምጃ ቤት ነው። በበርሜል ሆኖ ወደ ግምጃ ቤቱ የገባ መርዝ፣ በሥራው መካከል ወደ ሌላ ነገር ካልተለወጠ በቀር፣ በአንድ መንገድ መውጣቱ አይቀርም፤ ወይ በተሠራው ዕቃ ውስጥ ሆኖ ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ወይ ከአየርና ከውሃ ጋር ይደባለቃል፣ ወይም ቆሻሻ ተብሎ አንድ ቦታ ይከማቻል። ስለዚህ አንድ መንግሥት በዚህ ጉዳይ ሕግ ሲያወጣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊወስነው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ባለ ፋብሪካውን «ቆሻሻህን የት ጣልኸው?» ብሎ ይጠይቀው ወይስ «መርዙን ለምን ገዛኸው?» ብሎ ይጠይቀው የሚለው ነው።

በአገራችን የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1090/2010 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ከእርሱም በፊት የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300/1995 ነበረ፤ አለም። እነዚህን አዋጆች በሥራ ላይ የሚያውሉት ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚማሩት ወጣቶችና በየመሥሪያ ቤቱ ገና ሥራ የጀመሩት ባለ ሥልጣኖች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ነገር ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ከደከሙት ሰዎች፣ ይኸውም ከአሜሪካ ልዩ ልዩ ግዛቶች፣ የሆነውን ጥቂት ብንተርክላቸው ሳይጠቅማቸው አይቀርም ብለን አሰብን። የውጭ አገሩን ዘመን በአውሮጳውያን አቈጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቈጣጠር እንጽፋለን።

በኒው ዮርክ ግዛት ከናያጋራ ፏፏቴ አጠገብ በምትገኘው ከተማ ዊልያም ላቭ የተባለ ሰው በ1890ዎቹ ዓመታት ቦይ ማስቈፈር ጀምሮ ገንዘቡ አልቆበት ተወው። ጕድጓዱ ለብዙ ጊዜ ውሃ አቍሮ ከኖረ በኋላ፣ ከ1942 ጀምሮ ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ የፋብሪካውን ጥራጊ ይጥልበት ጀመር። በዐሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ የተጣለው ከ20 ሺህ ቶን ይበልጣል። በ1953 ኩባንያው ጕድጓዱን አፈር አልብሶ ቦታውን ለከተማው የትምህርት ቦርድ በአንድ ዶላር ሸጠ፤ በሽያጩም ውል ላይ ከሥር ኬሚካል መቀበሩን ገልጾ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ለሚደርሰው ጕዳት ኀላፊ አይደለሁም የሚል ቃል አስገባበት። አንድ ዶላር ይህን ያህል ውድ ሆኖ የተገኘበት ሽያጭ ብዙ አይገኝም። በቦታው ላይ የሕፃናት ትምህርት ቤት ተሠራ፤ በዙሪያውም ሠራተኞች ቤት እየገዙ ገቡ።

በ1970ዎቹ ዓመታት ዝናብና በረዶ በዝቶ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ባለ ጊዜ የተቀበረው ነገር በየቤቱ ምድር ቤት ግድግዳ እየሰረገ ይወጣ ጀመር። ልጅዋ በዚያው ትምህርት ቤት የሚማር ሎይስ ጊብስ የተባለች እናት ጎረቤቶችዋን ሰብስባ በየደጁ እየዞረች አቤቱታ አስፈረመች። በኦገስት 1978 የግዛቱ የጤና ኮሚሽነር አስቸኳይ ሁናቴ መድረሱን ገልጾ እርጕዞችና ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከዚያ እንዲርቁ መከረ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ፕሬዚዳንት ካርተር የፌዴራሉ መንግሥት እንዲረዳ አዘዙ። በመጨረሻም በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን ትተው ወጡ። በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ አንባቢው አንድ ነገር እንዲያስተውል እንወዳለን፤ ኩባንያው ቆሻሻውን ሲቀብር በዚያን ጊዜ የነበረ ሕግ አልከለከለውም። የተደበቀ ነገርም አልነበረም፤ በውሉ ላይ ተጽፎአል።

ከዚህ መከራ በፊትና በኋላ የወጡት ሕጎች በሁለት ወገን የሚከፈሉ ናቸው። በ1976 የፌዴራሉ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ አደገኛ ቆሻሻ ከተፈጠረበት ሰዓት ጀምሮ እስከሚቀበርበት ድረስ በመዝገብ እንዲከታተሉት አዘዘ። ዘዴውም ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ጭነት የራሱ ወረቀት አለው፤ ቆሻሻውን ያወጣው ፋብሪካ ይፈርምበታል፣ ሾፌሩ ይፈርምበታል፣ ተቀባዩ ይፈርምበታል፣ ከዚያም አንዱ ቅጂ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። በጊዜው ያልተመለሰ እንደ ሆነ ፋብሪካው ራሱ ለመንግሥት ማስታወቅ አለበት። የዚህን ሕግ አስተዳደር የፌዴራሉ መንግሥት ለየግዛቱ ሊያስረክብ ይችላል፤ ግዛቱም ቢፈልግ ሕጉን ማጥበቅ እንጂ ማላላት አይፈቀድለትም።

ሁለተኛው ወገን የተበላሸውን መሬት ማን ያጽዳው የሚለውን የሚመልስ ነው። በዚህ ረገድ ግዛቶቹ ፌዴራሉን ቀድመውታል። ኒው ጀርሲ በ1976 ባወጣችው ሕግ መርዝ ያፈሰሰ ሰው ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም ኀላፊ እንዲሆን፣ ለማጽጃውም የሚሆን ገንዘብ በኬሚካልና በዘይት ላይ ከሚከፈል ቀረጥ እንዲጠራቀም አደረገች፤ የፌዴራሉ ተመሳሳይ ሕግ የተፈረመው ከአራት ዓመት በኋላ በዲሴምበር 1980 ነው። ይህችው ግዛት በ1983 ደግሞ አንድ ብልህ ሕግ ጨመረች። የፋብሪካ ቦታ የሚሸጥ ሰው መሬቱ መመርመሩንና መጽዳቱን ወይም የማጽጃው ዋስትና መያዙን ሳያሳይ ሽያጩ እንዳይፈጸም ከለከለች። በናያጋራ እንደ ሆነው ያለ የአንድ ዶላር ሽያጭ ከዚያ ወዲያ በኒው ጀርሲ ሊደረግ አይችልም ማለት ነው። የመሬትና የውል ማስረጃ መሥሪያ ቤት የጤና ዘበኛ ሆኖ ሊሠራ እንደሚችል ያሰበ ሰው ከዚያ በፊት ብዙ አልነበረም፤ በሕግ ትምህርት ቤት ያሉ ተማሪዎቻችን ይህን ሐሳብ በደንብ ቢመረምሩት ደስ ይለናል።

እነዚህ ሕጎች ሁሉ ጥሩዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የሚጠይቁት መርዙ ቆሻሻ ከሆነ በኋላ ነው፤ አባቶቻችን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉትን ይመስላል። ከዚህም በላይ ሕጉ በጠበቀ ቍጥር ቆሻሻው የሚሄድበትን ሌላ ቦታ መፈለጉ አልቀረም። ኒው ጀርሲ ከሌላ ግዛት የሚመጣውን ቆሻሻ በሕግ ብታግድ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 ፊላዴልፊያ ከተማ በከሰሰችበት ነገር ቆሻሻም ቢሆን የንግድ ዕቃ ስለ ሆነ አንዱ ግዛት በሌላው ላይ በሩን ሊዘጋ አይችልም ብሎ እገዳውን ሻረው።

የዚያችው የፊላዴልፊያ ነገር ከዚህም የባሰ ሆነ። ከተማዪቱ ቆሻሻዋን አቃጥላ የቀረውን አመድ የምትጥልበት ስላጣች፣ በ1986 ኪያን ሲ የተባለች መርከብ 14 ሺህ ቶን ያህል አመድ ጭና ተነሣች። ከአገር ወደ አገር እየዞረች ወደብ ስትለምን ቆይታ በ1988 መጀመሪያ ላይ 4 ሺህ ቶን ያህሉን በሃይቲ የባሕር ዳር ላይ ማዳበሪያ ነው ብላ አራገፈች። የሃይቲ መንግሥት መልሺና ጫኚ ቢላት በሌሊት ሄደች። ስሟን ሁለት ጊዜ እየለወጠች በብዙ ባሕር ከተንከራተተች በኋላ የቀረውን አመድ ውቅያኖስ ውስጥ ጨመረችው። በሃይቲ የቀረው ከብዙ ክርክር በኋላ በ2000 ተጭኖ ወደ አሜሪካ ተመለሰና በ2002 በዚያው በፔንሲልቫኒያ ግዛት ተቀበረ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ዞሮ ከተነሣበት ግዛት ገባ። በዚያው በ1988 ዓመት ከኢጣልያ የመጣ መርዛም ቆሻሻ በናይጄሪያ ኮኮ በተባለች ወደብ ተጥሎ ተገኝቶ ነበር። በ1989 የባዝል፣ በ1991 የባማኮ ስምምነቶች የተፈረሙት ይህን የመሰለውን ንግድ ለመግታት ነው፤ አገራችንም የሁለቱም ተካፋይ ናት።

እንግዲህ ቆሻሻን በመከታተል ብቻ የማይፈታ ነገር ከሆነ ምን ይደረግ? ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለውን መልስ ያገኘችው፣ በእኛ አስተያየት፣ ማሳቹሴትስ ናት። በዚህች ግዛት ዎበርን የምትባል የቆዳና የኬሚካል ፋብሪካዎች የነበሩባት ከተማ አለች። በ1979 ከከተማዪቱ የመጠጥ ውሃ ጕድጓዶች ሁለቱ ብረት ለማጠቢያ በሚያገለግል ትራይክሎሮኤቲሊን በሚባል ፈሳሽ መመረዛቸው ታወቀና ተዘጉ። የሕፃናት የደም ነቀርሳ ከሚጠበቀው ከእጥፍ በላይ ሆኖ በመገኘቱ ወላጆች ተካሰሱ፤ ክርክሩም በመጽሐፍና በሲኒማ እስኪወጣ ድረስ ታወቀ። ወላጆቹ በፍርድ ቤት የደከሙበት ጉዳይ አንድ ነገር ግልጥ አድርጎአል፤ መርዝ አንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ማን እንደ ጣለው፣ መቼ እንደ ጣለው፣ የትኛውን ልጅ እንዳሳመመው ማስረዳት ከአቅም በላይ የሆነ አድካሚ ሥራ ነው።

በ1989 የማሳቹሴትስ ምክር ቤቶች መርዛም ነገርን በሥራ ላይ ማዋልን የሚቀንስ ሕግ በሙሉ ድምፅ አጸደቁ። ገዥው ማይክል ዱካኪስም ፈረሙበት። ሕጉ ዐሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን፣ ከተወሰነ ልክ በላይ መርዛም ኬሚካል የሚያስገባውን ፋብሪካ ሁሉ ይመለከታል። የሚያዝዘውም ፋብሪካው በየዓመቱ ምን ያህል እንደ ተጠቀመ፣ ምን ያህሉ በተሠራው ዕቃ ውስጥ እንደ ወጣ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከሥራው ተርፎ ተረፈ ምርት እንደ ሆነ እንዲያስታውቅ ነው። ተረፈ ምርቱ የሚቈጠረው ከመጣራቱም ከመቃጠሉም በፊት ነው። ይህች አነስተኛ የምትመስል ነገር የሕጉ ልብ ናት። ከጭስ መውጫው ጫፍ ወይም ከቧንቧው አፍ ላይ ቢለካ ኖሮ ባለ ፋብሪካው ማጣሪያ ገዝቶ፣ የተጣራውን ዝቃጭ ሌላ ቦታ ደፍቶ፣ «ቀነስሁ» ባለ ነበር። ሕጉ ማቃጠልንና ወደ ሌላ ቦታ መላክን እንደ መቀነስ አይቈጥርለትም። የሚቈጥርለት ጥሬ ዕቃውን ቢለውጥ፣ የሚሠራውን ዕቃ አሠራር ቢያሻሽል፣ መሣሪያውን ቢያድስ፣ የሚያንጠባጥበውን ቢደፍን፣ የተረፈውን እዚያው በሥራው ውስጥ መልሶ ቢጠቀምበት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ፋብሪካው በየሁለት ዓመቱ ዕቅድ ማውጣት አለበት። በዕቅዱም ውስጥ መርዙ በእውነት ስንት እንደሚያስወጣው ማስላት ይገባዋል፤ የመግዣው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የማስቀመጫው፣ የሠራተኛው መከላከያ ልብስ፣ የማስወገጃው፣ የኢንሹራንሱ ሁሉ ይደመራል። ብዙ ባለ ፋብሪካ ርካሽ ነው ብሎ የሚገዛው ፈሳሽ ውድ መሆኑን ያወቀው በዚህ ሒሳብ ነው። ዕቅዱን ልዩ ትምህርት ተምሮ የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው መርምሮ መፈረም አለበት፤ ሠራተኞቹም ሐሳብ እንዲሰጡ ይጠየቃሉ። በማሽኑ አጠገብ የሚውለው ሰው ከመሐንዲሱ ያላነሰ የሚያውቀው ነገር አለና ይህን ድንጋጌ በተለይ እናደንቃለን።

አንድ አንባቢ ሊደነቅበት የሚችል ነገር ደግሞ አለ። ሕጉ ዕቅድ እንዲወጣ ያስገድዳል እንጂ ዕቅዱ እንዲፈጸም አያስገድድም! ይህን ስንሰማ እኛም ሕጉ ጥርስ የሌለው ሳይሆን አይቀርም ብለን ጠርጥረን ነበር። ነገር ግን ፋብሪካው ትርፉን በወረቀት ላይ ካየ በኋላ የፖሊስ ግፊት ብዙ አላስፈለገውም። ለዚህም የረዳው ፋብሪካዎቹ የሚከፍሉት ዓመታዊ ክፍያ መልሶ ለእነርሱ መዋሉ ነው፤ በገንዘቡ በሎውል ከተማ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም ተቋቋመ፣ ምክር የሚሰጥ የመንግሥት ቢሮም ተከፈተ። የቢሮው ሰዎች ወደ ፋብሪካው የሚሄዱት ለመርዳት እንጂ ለመቅጣት ስላልሆነ ባለ ፋብሪካው ያለ ፍርሃት በሩን ይከፍትላቸዋል። ተቈጣጣሪና መካሪ ለየብቻ መሆናቸው ትልቅ ጥበብ ነው።

የሕጉ ግብ ተረፈ ምርቱን በ1987 ከነበረበት በግማሽ ዝቅ ማድረግ ነበረ። በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት ገደማ የምርቱ መጠን ተሰልቶ ሲታይ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ወደ አየርና ወደ ውሃ የሚለቀቀው ደግሞ ከዚያ እጅግ በበለጠ አነሰ። በዎበርን ውሃ ውስጥ የተገኘውን ትራይክሎሮኤቲሊን ግዛቲቱ በ2008 ከሌሎቹ የበለጠ ጥብቅ ክትትል ከሚደረግባቸው ኬሚካሎች ተራ አገባችው፤ አብዛኛዎቹም ብረት አጣቢዎች በሳሙናና በውሃ ወደ ማጠብ ተመለሱ። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይህን ፈሳሽ የሚከለክል ደንብ ያወጣው በዲሴምበር 2024 ነው፤ በእርሱም ላይ ወዲያው ሙግት ተነሥቶበታል።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር እንጂ ለእኛ አይሆንም ይሉ ይሆናል። ፋብሪካ ገና በምንተክልበት ጊዜ ባለ ሀብቱን በቅጽና በዕቅድ ብናስቸግረው ይሸሽብናል የሚሉም አሉ። ይህ አነጋገር ቸል የሚባል አይደለም፤ ሥራ የሚፈልገው ወጣት ብዙ ነውና። ነገር ግን ሒሳቡን እስኪ እንመልከተው። ለአንበጣ፣ ለተምችና ለወባ መከላከያ እየተባለ ለብዙ ዘመን በየመጋዘኑ የተከማቸው ፀረ ተባይ መድኃኒት ጊዜው አልፎ መርዝ ሆኖ በመቅረቱ፣ በ1990ዎቹ ዓመታት ከአንድ ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው እንደገና እየታሸገ በመርከብ ተጭኖ እንዲቃጠል እስከ ፊንላንድ ድረስ ተልኮአል። የሚያቃጥለው ምድጃ በአገራችን አልነበረምና። መርዙ ሲገባ አንድ ጸሐፊ «ስንት ያስፈልጋል? መጋዘኑ ውስጥ ስንት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ድካምና ወጪ ባልደረሰ ነበር። ድኻ አገር ነው እንጂ ሀብታም አገርማ ሁለት ጊዜ ቢከፍልም ይችለዋል።

ሌላውን ምሳሌ ከቆዳ ፋብሪካዎቻችን እንውሰድ። በተለመደው ዘዴ ቆዳ ሲለፋ ከሚጨመረው የክሮም ጨው ውስጥ ቆዳው የሚይዘው ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነውን ነው፤ የቀረው ከውሃው ጋር ይፈሳል። የሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ግድብ ይገባል፤ ከቆቃ በታችም አዋሽን የሚጠጣና በአዋሽ የሚያጠጣ ብዙ ሕዝብ አለ። ክሮሙ የተገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። እንግዲህ ባለ ፋብሪካው ከሦስት ጆንያ አንዱን ወንዝ ውስጥ ይደፋል ማለት ነው፤ ይህን በብር ጽፎ የሚያሳየው ሰው ያገኘ እንደ ሆነ ከማንም ቀድሞ የሚደነግጠው እርሱ ራሱ ይመስለናል። ክሮሙን ይበልጥ ለቆዳው የሚያስይዝ፣ የተረፈውንም ከውሃው ለይቶ የሚመልስ ዘዴ ከታወቀ ቈይቶአል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ማለት እንዲህ ነው።

በአገራችን ይህ መንገድ ጭራሽ አልተሞከረም ለማለት አንችልም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከጨርቃ ጨርቅ ሥራ የሚወጣውን ውሃ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት፣ ወደ ሐይቁም ፈሳሽ እንዳይለቅ ተብሎ የተሠራ ነው። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ከማጣሪያው የሚቀረው ጨውና ዝቃጭ አንድ ቦታ መሄዱ ስለማይቀር፣ ወደ ማቅለሚያው የሚገባውን ቀለምና ጨው ማሳነስ ከማጣሪያው ሥራ ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ነው።

ታዲያ አዲስ አዋጅ ይውጣ ማለታችን አይደለም፤ አዋጅስ አለ። የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ክልሎች እንደየሁኔታቸው ከፌዴራሉ የጠበቀ የአካባቢ ደረጃ ለማውጣት ይችላሉ፣ የላላ ግን አያወጡም ይላል። ይህ የአሜሪካ ግዛቶች ካላቸው ሥልጣን ጋር የሚመሳሰል ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 44 ማንም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጎአል። ደግሞም በዚያው በብክለት አዋጅ አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ በግሉ ተጐዳሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን የሚጐዳ ሥራ ባየ ጊዜ ለመሥሪያ ቤቱ አቤት ሊል ይችላል፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ውሳኔ ያላገኘ ወይም በውሳኔው ያልተደሰተ እንደ ሆነ በስድሳ ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይፈቀድለታል። ይህን ያህል ሰፊ በር የከፈቱ አገሮች ብዙ አይደሉም። የጐደለው ቍጥሩ ነው። አቤት የሚለው ገበሬ ወንዙ መሽተቱን ያውቃል እንጂ ፋብሪካው ስንት ኩንታል ክሮም አስገብቶ ስንቱን በቆዳ እንዳወጣ አያውቅም፤ ዳኛውም አያውቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ ተቈጣጣሪውም አያውቅም።

ስለዚህ የክልል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች የገባውንና የወጣውን መርዛም ነገር የሚያመዛዝን ዓመታዊ ቅጽ እንዲያዘጋጁና ፈቃድ በሚታደስበት ጊዜ ከማመልከቻው ጋር እንዲቀበሉ እናሳስባለን። ሁሉም ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ይግባ አንልም። በሞጆና በአቃቂ ካሉት የቆዳ ፋብሪካዎች ቢጀመር ይበቃል፤ ኬሚካሉ አንድ፣ እርሱም ክሮም ይሁን። ግዢው በጉምሩክ ሰነድ ላይ ስላለ ለማመሳከር አያስቸግርም። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የኬሚካል ምሕንድስና ክፍሎች በየዓመቱ ለልምምድ የሚወጡት ተማሪዎች ሒሳቡን ከግምጃ ቤት ጠባቂውና ከበርሜሉ አጠገብ ከሚሠሩት ሰዎች ጋር ሆነው ሊሠሩት ይችላሉ። ቅጹ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ አንዱ ቅጂም ማንም ሰው ሊያየው እንዲችል ፋብሪካው ባለበት ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።